«ፋይን» ሲሉሽ ምን ማለታቸው ነው?

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። የጻፈችልኝ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ በእንግዳ ተቀባይነት የምትሠራ ወጣት ናት። ስሜ አይጠቀስ ብላለችና አልጠቅሰውም። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ ላይ ያን ያህል ደካማ አልነበርኩም። አሁን ግን አንድ ቃል አሳፈረኝ። ባለፈው ለአንድ የውጭ አገር እንግዳ ቡና ቀዳሁለትና ጠጣ። ቶናውን ልቅዳልህ ስለው ‹አይም ፋይን› አለኝ። ደህና ነኝ ያለኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቀዳሁለት። ጠጣው። በረካውን ሳመጣም ‹አይም ፋይን› አለ። አሁንም ቀዳሁለት። በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ‹አልፈልግም እያለሽ እኮ ነው› አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ በየሄድኩበት ይጠብቀኛል። ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ሽፋን ላይ ‹ፋይን› ይልና ‹በቀን 2 ብር› የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። መልካም ነገር መስሎኝ አለፍኩት። 9 ቀን አሳልፌ ስመልስ 18 ብር ክፈይ ተባልኩ። ይባስ ብሎ ደግሞ እንግዶች የሚልክልን የአስጎብኚ ድርጅት ኃላፊ አለ። አንደኛ ፎቅ ስለሞላ እንግዶቹ ሁለተኛ ፎቅ ይረፉ ወይ ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ‹ፋይን።› ተስማማ ወይስ ተቀየመኝ? ሦስት ቀን ሆነኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ። መዝገበ ቃላት ስገልጥ የትርጉሙ ብዛት አያልቅም። ዋናው የትኛው ነው? ሁሉንም ልሸምድደው?»

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከቡናው ልጀምር። ከሁሉም ያሳፈረሽ እሱ ነውና።

ያደረግሽው ነገር ያደግሽበት ወግ ነው። በእኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል ባለቤቷ ዝም አትልም። «በሞቴ» ትላለች። «ይቺን ብቻ» ትላለች። አቦሉን ጠጥቶ ብድግ የሚል እንግዳ ቅር ያሰኛል። የመጀመሪያው «በቃኝ» ለወግ ያህል እንደሆነም ሁለቱም ያውቃሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ይህን አያውቅም። አንድ ነገር ስታቀርቢለት «አይም ፋይን» ካለ «ያለኝ ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» ማለቱ ነው። «ኖ» ብሎ ፊት ለፊት መመለስ ስለሚከብደው ነው እንዲህ የሚለው። እኛስ ምግብ ሲቀርብልን መቼ በደረቁ «አልፈልግም» እንላለን? «ተመስገን፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን። ጨዋነቱ አንድ ነው። እሱ ግን አንዴ ሲናገር እንዲታመን ይፈልጋል።

ደግሞ ሰውየው ሁለቱንም ሲኒ ጠጥቷል። የተቀየመ ሰው ቡና አይጨርስም። ደግነትሽ ገብቶታል ብዬ አምናለሁ።

እንዴት ልለየው ካልሽኝ፣ ከቃሉ በፊት አንቺ ያልሽውን አስቢ። ስለ ጤናው ጠይቀሽው «አይም ፋይን» ካለ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። የሚበላ፣ የሚጠጣ ወይም እርዳታ አቅርበሽለት «አይም ፋይን» ካለ አይ፣ ይቅርብኝ ማለቱ ነው። ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ጥያቄሽ ነው። ሻንጣ ልያዝልህ ስትዪውም ይኸው መልስ ይመጣልሻል። ያን ጊዜ ሻንጣውን ከእጁ አትቀበዪው።

ሁላችንም ይህን ቃል የተማርነው እንደ መዝሙር ነው። አስተማሪው ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ» ይላል። ፋይን ማለት ደህና ማለት ሆኖ ጭንቅላታችን ውስጥ ይቀራል። እኔም ለዓመታት ያስተማርኩት እንደዚያ ነው። መንዝ ውስጥ ሳስተምር አንድ ተማሪ ስለ እናቱ ድርሰት ጻፈ። እናቱ ለበሶ የሚሆነውን ገብስ ቆልታ እንዴት እንደምትፈጨው ይተርካል። «ፋይን ፍላወር» ብሎ ጽፎ ነበር። ፋይን ለሰው ጤና ብቻ የሚነገር መስሎኝ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩበት። ልጁ ልክ ነበር። የላመ ዱቄት ማለቱ ነበር። ይህን ያወቅሁት ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ። ዋናው የትኛው ነው ብለሻል። ከትርጉሞቹ አንዱን አንሥቼ ዋናው ይህ ነው ልልሽ አልችልም። ሥሩን ግን ላሳይሽ እችላለሁ።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። ላቲኖች መጨረሻን «ፊኒስ» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ከገባ 700 ዓመት ገደማ ሆኖታል። «መጨረሻ» የሚል ቃል እንዴት «ደህና» እና «ጥሩ» ሆነ ትዪኝ ይሆናል። መልሱ በአማርኛችን ውስጥ አለ። «ፈጸመ» ማለት ጨረሰ ማለት ነው። ከእሱ «ፍጻሜ» ወጣ። ከእሱ «ፍጹም» ወጣ። ፍጹም የምንለው እንከን የሌለውን ነው፤ ምንም ሳይጎድለው ያለቀ፣ የተጠናቀቀ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ፋይንም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። በደንብ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ፋይን ተባለ። ጤናው ያልጎደለ ሰውም ፋይን ነኝ አለ።

የፋይንን ዘመዶች አንቺም በየቀኑ ትሰሚያቸዋለሽ። ኳስ ላይ «ፋይናል» ይባላል። ጋዜጠኞቻችን ደግሞ «የፍጻሜ ጨዋታ» ይሉታል። ሩጫ የሚያልቅበት መስመር «ፊኒሽ» ነው። ሙዚቃ በኖታ የሚጫወት ሰው ካገኘሽ ደግሞ ወረቀቱን እንዲያሳይሽ ጠይቂው። በእንግሊዝኛው ፋይን ፊደላት የተጻፈ ቃል ታገኚበታለሽ። እሱ ግን ጣልያንኛ ነው፣ «ፊኔ» ተብሎ ይነበባል። ሙዚቃው እዚህ ያበቃል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የቤተ መጻሕፍቱ 18 ብር ይመጣል።

ቅጣት የሚለው ፋይን ከዚሁ ሥር መብቀሉ መጀመሪያ ሲነገረኝ አላመንኩም ነበር። አገር ቤት ግን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ይቀመጣል። ካሳ ይቆረጣል። ካሳው ሲከፈል «ነገሩን ጨረሱት» እንላለን። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም እንዲሁ ነበር። ነገሩን ለመጨረስ የሚከፈለው ገንዘብ በዚያው በ«መጨረሻ» ስም ተጠራ። ቀስ እያለ ትርጉሙ ጠበበና ደንብ የጣሰ ሰው የሚከፍለው መቀጮ ሆነ። «ፋይናንስ» የምንለው ቃልም ዕዳን ከፍሎ ከመጨረስ የመጣ ነው።

ይህኛውን ፋይን ለመለየት አትቸገሪም። አጠገቡ ገንዘብ አለ። ወይም መክፈል የሚል ግሥ ይቀድመዋል። ትራፊክ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ባሉበት ቦታ ሁሉ ይህን ጠርጥሪ። ጆሮሽን የሚያሳስት አንድ ነገር ግን አለ። ተቀጣ ለማለት «ፋይንድ» ይላሉ። ፈልጎ ማግኘትን የሚያመለክተው ቃልም «ፋይንድ» ነው። አጻጻፋቸው ይለያያል፣ ድምፃቸው ግን አንድ ነው። አንድ ሾፌር «አይ ዎዝ ፋይንድ» ካለሽ ተገኘሁ ማለቱ አይደለም፤ ተቀጣሁ ነው የሚልሽ።

ቀጭን የሚለውን ትርጉም ደግሞ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ትንሽ ታገሺኝ።

በደንብ ያለቀ ነገር እንዴት ቀጭን ይሆናል? ፈታይዋን አስቢያት። ጀማሪ ስትፈትል ክሩ ይጎረብጣል፣ እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይበጠሳል። ባለሙያዋ ስትፈትል ግን እንደ ፀጉር ይሳሳል። ስለዚህ ነው አባቶቻችን ባለሙያዋን ሴት «ቀጭን ፈታይ» ብለው የሚያመሰግኗት። የክሩ ቅጥነት የሙያዋ ምስክር ነው። ከዚያ ደግሞ «ቀጭን» ከክር ወጥቶ ወደ ሰው ሄደ። «ቀጭን ጌታ» ስንል ክብሩን የጠበቀ፣ ኑሮው የተዋበ ሰው ማለታችን ነው እንጂ ከሲታ ማለታችን አይደለም። እንግሊዞችም «ፋይን ሌዲ»፣ «ፋይን ጀንትልማን» ሲሉ በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ክርን አይተው አንድ ነገር አሰቡ። ይህን ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል።

አንቺ ያለሽው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ስለሆነ ይህ ትርጉም በሥራሽ ላይ ይመጣብሻል። እንግዶች ወደ መንዝ ወጥተው ባና እና በርኖስ ሲያዩ ስለ ሱፍ ያወራሉ። «ፋይን ዉል» ካሉ ቀጭንና ለስላሳ ሱፍ ማለታቸው ነው። የሱፍ ቅጥነት በማይክሮን ይለካል፤ 1 ማይክሮን የ1 ሚሊ ሜትር 1000ኛ እጅ ነው። ሜሪኖ የሚባለው በግ ሱፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ነው፣ ፋይን የሚባለው እንደዚህ ያለው ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው። ስለዚህ አንድ እንግዳ ባናውን ዳስሶ «ኢት ኢዝ ኖት ፋይን ዉል» ቢል ባናው መጥፎ ነው አላለም። ሱፉ ወፍራም ነው ማለቱ ነው። ለደጋ ብርድ ደግሞ ያ ወፍራም ሱፍ ምን ያህል እንደሚያሞቅ አንቺው ንገሪው።

የምንጃር ጤፍ ተፈጭቶ ሲልም ዱቄቱ ፋይን ነው። በወንፊት የተነፋ አሸዋም ፋይን ነው። በውል ወረቀት ግርጌ በጥቃቅን ፊደል የሚጻፈው «ፋይን ፕሪንት» ይባላል። አስጎብኚ ድርጅቱ ውል ሲልክላችሁ ያንን ክፍል ሳታነቢ አትፈርሚ። ቦታ ሲሰረዝ ማን ምን እንደሚከፍል የሚጻፈው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ስለ አየር ጠባይ አንድ ነገር ልጨምር። በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት፣ ሰማዩ ግን ጥርት ብሎ ታውቂያለሽ። እኛ እጃችንን ጋቢ ውስጥ ከተን «ምን ዓይነት ብርድ ነው» እንላለን። እንግሊዛዊው ግን ወጥቶ «ፋይን ዌዘር» ሊልሽ ይችላል። ብርዱ ጠፍቶት አይደለም። በእነሱ ቋንቋ ዝናብ የሌለው፣ ሰማዩ የጠራ ቀን ፋይን ነው። ያው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ጉሙ ውስጥ ይገባና «ፋይን ሬይን» ይላል። ካፊያ ማለቱ ነው። ስለዚህ «ፋይን ዌዘር» ዝናብ የለም ማለት ሲሆን «ፋይን ሬይን» ዝናብ አለ፣ ግን ቀጭን ነው ማለት ነው። ከፋይን ቀጥሎ ያለውን ቃል ካላየሽ በምንም መንገድ አትለዪውም።

አንኮበር የሚሄዱ እንግዶች ካሉሽ ደግሞ «ፋይን አርት» የሚለውን አትርሺው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በጥቅምት 1925 ዓ.ም. የተወለዱት አንኮበር ነው። በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አደላ። በኋላ ለንደን በሚገኘው ስሌድ በተባለው የፋይን አርት ትምህርት ቤት ተማሩ። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ያለው ትልቁ የመስታወት ሥዕል የእሳቸው ሥራ ነው። እዚህ ላይ ፋይን ቀጭንም ደህናም አይደለም። ለውበት ብሎ የሚሠራ ጥበብ ማለት ነው። ፈረንሳዮች «የተዋቡ ጥበቦች» የሚሉትን ነው እንግሊዞቹ ፋይን አርትስ ያሉት። እኛ «ሥነ ጥበብ» እንለዋለን። «ሥን» በግእዝ ውበት ነው። ስለዚህ የእኛም ስያሜ ከእነሱ አይርቅም።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳሽ መልእክት ልምጣ።

«ፋይን» ብሎ አንድ ቃል ብቻ የጻፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተስማምቷል። ነገር ግን ይህ ቃል ብቻውን ሲቆም ፊት የለውም። በአካል ቢሆን ድምፁን ትሰሚ ነበር። ቃሉን ረገጥ አድርጎ፣ ዓይኑን አዙሮ ካለው «እንደፈለግሽ አድርጊ» ማለቱ ነው። ፈገግ ብሎ ካለው «ችግር የለም» ማለቱ ነው። «እሺ» የሚለውን ቃላችንን አስቢው። ልጅ ወተት ግዛ ሲባል «እሺ» ይላል። አባት በልጁ ተናድዶ «እሺ! እንተያያለን» ይላል። ባለጉዳይን ማስቀየም ያልፈለገ ሰው ደግሞ «እሺ፣ ነገ» ይላል፤ ነገም ላይመጣ ይችላል። በ«እሺ» መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረሽም። ጆሮሽ ነው ያስተማረሽ። ጽሑፍ ላይ ግን ጆሮ አይሠራም።

ስለዚህ ከአንድ ቃል ቂም አትፈልጊ። የሰውየውን የድሮ መልእክቶች ተመልሰሽ አንብቢ። ሁልጊዜ አጭር የሚጽፍ ከሆነ ልማዱ ነው። ድሮ ሰላምታና ምስጋና እየጨመረ አሁን ብቻ ካጠረ ግን ቅር ብሎት ሊሆን ይችላል፤ ወይም መኪና ላይ ሆኖ ጽፎት ይሆናል። በበኩልሽ ስትጽፊ ቃሉን ብቻውን አትተዪው። «ዛትስ ፋይን፣ ታንክ ዩ» ብለሽ ጻፊ። ያቺ ትንሽ ጭማሪ ቃሉን ታለሰልሰዋለች፤ «ይሁን» እና «ይሁን፣ ችግር የለውም» እንደሚለያዩት ማለት ነው።

ሁሉንም ልሸምድደው ወይ ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ተማሪዎቼ ደብተራቸውን ለሁለት ከፍለው በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ይጽፉ ነበር። እኔም አበረታታቸው ነበር። አሁን እንደዚያ አታድርጊ እላለሁ። ቃሉን ከነጎረቤቱ ጻፊው። «ፋይን» ብለሽ አትጻፊ። «ፋይን ሬይን» ብለሽ ጻፊና «የጣርማ በር ካፊያ» በዪው። «ፔይ ኤ ፋይን» ብለሽ ጻፊና «የመጽሐፉ 18 ብር» በዪው። «አይም ፋይን» ብለሽ ጻፊና «በረካውን ያልፈለገው እንግዳ» በዪው። በራስሽ ላይ የደረሰውን ነገር አትረሺውም።

ይህን ደግሞ ትችያለሽ። አንድ የውጭ ሰው አማርኛ ሲማር «ደህና» ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅሽ ምን ትዪዋለሽ? «ደህና ነኝ» አለ። «ደህና እደሪ» አለ። «ደህና ገንዘብ አገኘ» ስንል ብዙ ማለታችን ነው። «ደህና አድርጎ ገሠጸው» ስንል ደግሞ ተግሣጹ ጠንካራ ነበር ማለታችን ነው። አንቺ ይህን ሁሉ ሳታስቢ ትናገሪዋለሽ። እንግሊዝኛውም ውሎ አድሮ እንደዚያ ይሆንልሻል። በአንድ ሳምንት ግን አይሆንም፤ ጊዜ ስጪው።

የሁለተኛውን ፎቅ ነገር ግን ዛሬውኑ ጨርሺው። ሦስት ቀን በቂ ነው። ለሰውየው እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ ክፍሎቹን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይዤያለሁ፣ ደረጃ መውጣት የሚከብደው እንግዳ ካለ ንገረኝና አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ለማመቻቸት እሞክራለሁ። መጨረሻ ላይ «ኢዝ ዛት ፋይን ዊዝ ዩ?» ብለሽ ጠይቂው። የሚመልስልሽን ጻፊልኝ።